በልክ የተሰፋ ልብስና በልክ የተቀባ ሽቶ

በቋንቋችን «ልክ» የምትባለው አጭር ቃል ብዙ ሥራ ትሠራለች። ልብስ ሰፊው ልካችንን ይወስዳል፤ ነጋዴው እህሉን በልክ ሰፍሮ ይሸጣል፤ መምህሩ የተማሪውን መልስ «ልክ ነው» ወይም «ልክ አይደለም» ይላል፤ በጠባዩ የተመሰገነውንም ሰው «ልኩን የሚያውቅ» እንለዋለን። ስለ ወንድ ልብስ አሰፋፍና ስለ ሽቶ አጠቃቀም ለመጻፍ ባሰብሁ ጊዜ፥ ነገሩን ሁሉ ጠቅልላ የምትይዝ ከዚህች ቃል የተሻለች አላገኘሁም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ብዙ ከባድ ጉዳይ ሳለ ስለ ኮትና ስለ ሽቶ መጻፍ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ያሻዋል። ሹም በወንበሩ ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲቀበል፥ ነጋዴም ውል ሊዋዋል ከባልንጀራው ጋር ሲገናኝ፥ ቃል ከመናገሩ በፊት ይታያል፤ ይመዘናልም። ደግሞም አንድ ሙሉ ልብስ ከደኅና ጨርቅ አስፍቶ መልበስ ለብዙ ሰው የወር ደመወዙን የሚበላ ወጪ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣ ሰው የሚገዛውን ነገር ዐውቆ ሊገዛ ይገባዋል። ስለዚህ ጉዳዩ አክብሮትንም ሒሳብንም የሚነካ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን አስቀድመን እናሳስባለን።

በምጽዋ የደረሰብኝ

እኔ ይህን ነገር የተማርሁት በራሴ ኀፍረት ነው። ሥራዬ ትርጕም ነው። ገና ወጣት ሳለሁ በአንድ ሹምና ከባሕር ማዶ በመጣ አንድ ነጋዴ መካከል ሆኜ እንዳስተረጕም ከአስመራ ወደ ምጽዋ እንድወርድ ታዘዝሁ። ጉዳዩ ዘግይቶ ለሚደርስ ጭነት ስለሚከፈል ካሳ ነበር። ታላቅ አደራ የተሰጠኝ ስለ መሰለኝ በአሮጌ ኮት መቅረብ ነውር ሆኖ ታየኝ። ለመንገዱ አራት ቀን ብቻ ሲቀረኝ ወደ አንድ ሱቅ ገባሁና ከመደርደሪያው ላይ ካለው ሁሉ ዋጋው የከበደውን፥ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ሱፍ አስቈረጥሁ። የገንዘቡን እኩሌታ የተበደርሁት ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ነበር።

ልብስ ሰፊው አንድ ጊዜ ለካኝ፤ ለሙከራ ሳይጠራኝም በመንገዴ ዋዜማ ማታ ጨርሶ ሰጠኝ። ቸኩዬ ያስቸኰልሁት እኔ ነኝና በእርሱ ላይ ብቻ ልፈርድ አልችልም። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ። በማለዳ ስነሣም ከዘመዴ የተዋስሁትን ሽቶ ተቀባሁ፤ ጥቂት ቈይቼ መዓዛው የጠፋ ስለ መሰለኝ ደገምሁ፤ ከበር ስወጣም ሠለስሁ።

አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ምጽዋ ግን ከባሕሩ ጋር እኩል ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአስመራ ብርድ የተስማማኝ ኮት ጊንዳዕ ስንደርስ ይከብደኝ ጀመር፤ ምጽዋ ስንገባማ እንደ ምድጃ ሆነብኝ። ከጠረጴዛው ቀርቤ ወረቀት ለማቀበል ክንዴን ባነሣሁ ቍጥር የኮቱ አካል በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ ኮሌታው ከአንገቴ ይርቃል፤ ክንዴን ሳወርድም ተመልሶ አይገጥምም። ነጋዴው ወንበሩን ጥቂት ወደ ኋላ አራቀ፤ ቈየት ብሎም ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተ። የከፈተው ስለ ሙቀቱ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ከቃሉ ወጥቶ ወደ ልብሴ ሄደ። ሹሙ «ካሳው የሚከፈለው ከ60 ቀን በኋላ ለሚደርሰው ጭነት ነው» ሲል፥ እኔ «በ60 ቀን ውስጥ ለሚደርሰው ጭነት» ብዬ ተረጐምሁ። ነጋዴው ደንግጦ ደግሞ ጠየቀ፤ የሹሙ ጸሐፊም ስሕተቱን አስተዋለ። ውሉ ሳይፈረም ታረመ እንጂ ነገሩ አልፎ ቢሆን ኖሮ የአንዱ ወገን ገንዘብ በእኔ አፍ በጠፋ ነበር። ማንም አልተቈጣኝም። በመውጫችን ላይ ግን ያ ነጋዴ፥ ዕድሜው የገፋ ሽማግሌ ነበርና፥ ትከሻዬን ይዞ በጣልያንኛ «ልጄ፥ ልብስህ ካንተ ጋር ይጣላል» አለኝ። ስድብ አልነበረም፤ ምክር ነበር።

ወደ አስመራ እንደ ተመለስሁ ያንን ኮት ይዤ፥ በከተማው አነጋገር «ሳርቶ» ከሚባሉት ልብስ ሰፊዎች መካከል ወደ አንድ አዛውንት ሄድሁ። ኮቱን ገልብጠው አይተው ሳቁና «ጨርቁ ጥሩ ነው፤ ልክ ግን የለውም» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው እኒያ አባት ያሳዩኝንና ከዚያ ወዲህ በንባብ ያገኘሁትን ነው።

ጌጡ ወደ ቈረጣው የተዛወረበት ታሪክ

የዛሬው ሙሉ ልብስ የተወለደው ጌጥ እየቀነሰ በሄደበት መንገድ ነው። በ1666 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በቤተ መንግሥቱ ረዥም ሰደርያ እንዲለበስ ወሰነ፤ የኮት፥ የሰደርያና የሱሪ ሥርዓት ከዚያ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ መኳንንቱ ከመቶ ዓመት በላይ በሐር፥ በጥልፍና በዱቄት በተነሰነሰ ሰው ሠራሽ ጠጕር ሲያጌጡ ኖሩ።

ይህን የለወጠው በ1778 ዓ.ም. በለንደን የተወለደው ጆርጅ ብራይን ብራመል ነው። መስፍን አልነበረም፤ ነገር ግን ኋላ ጆርጅ 4ኛ ተብሎ የነገሠው አልጋ ወራሽ ወዳጁ ነበር። ብራመል ጥልፉንና ሐሩን ትቶ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፥ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝና በጥንቃቄ የታሰረ የአንገት ጨርቅ ለበሰ። ክብሩ ከወርቁ ክር ወጥቶ ወደ ቈረጣው፥ ወደ ንጽሕናውና ወደ ልኩ ተዛወረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ሹማምንትና ነጋዴዎች የሚለብሱት ልብስ የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ነገር ግን የዚሁ ሰው ፍጻሜ ለእኛ ሁለተኛ ትምህርት ነው። በልብስ ልክ ያወቀው ብራመል በገንዘብ ልክ አላወቀም። በ1816 ዓ.ም. ባለ ዕዳዎቹን ሸሽቶ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በ1840 ዓ.ም. በካን ከተማ በድኽነት ሞተ። አለባበሱን የሚያስተምሩ ሰዎች አሟሟቱንም አብረው ቢያስተምሩ መልካም ነበር።

በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የልብስ ሰፊዎች ሜትር በሥራ ላይ እየተስፋፋ ሄደ። ቀድሞ የእያንዳንዱ ሰው ልክ በወረቀት ጥብጣብ ላይ ነጥብ እየተቈረጠ ይያዝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በቍጥር ተጽፎ በመዝገብ ሊቀመጥ ቻለ። በለንደን ሄንሪ ፑል የተባለው ቤት በ1806 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ1846 ዓ.ም. በሳቪል ሮው መንገድ ሱቁን ከፈተ፤ መንገዱም በልብስ ሰፊዎቹ በዓለም ታወቀ።

መኪናው በገባ ጊዜ ግን ጠብ ተነሣ። በርተሌሚ ቲሞኒየር የተባለ ፈረንሳዊ በ1830 ዓ.ም. ለስፌት መኪና የባለቤትነት መብት ተቀብሎ በፓሪስ የወታደር ልብስ መስፋት ቢጀምር፥ እንጀራችን ሊቀር ነው ያሉ ልብስ ሰፊዎች በ1831 ዓ.ም. ገብተው መኪናዎቹን ሰባበሩ። ሆኖም መኪናው አልቀረም። አይዛክ ሲንጀር በ1851 ዓ.ም. በአሜሪካ መብት ያስመዘገበው መኪና ዓለምን ሞላ፤ በአገራችንም በየበረንዳው የሚታየውን የስፌት መኪና ሕዝቡ በእርሱ ስም «ሲንጀር» ይለዋል። መኪናው ረዥሙን ስፌት አፋጠነ፤ ልክ መውሰድን፥ መቍረጥንና ትከሻ ማስያዝን ግን ለሰው እጅ ተወለት።

በኢጣልያ ደግሞ ሌላ መሻሻል መጣ። በ1930ዎቹ ዓመታት የናፖሊ ልብስ ሰፊዎች፥ ከእነርሱም ቪንቼንሶ አቶሊኒ በተለይ የሚጠቀስ ነው፥ ከትከሻው ጥጡን ከውስጡም ወፍራሙን ሸራ ቀንሰው እንደ ሸሚዝ የሚቀል ኮት ሠሩ። የእንግሊዙ ኮት ለብርድና ለጭጋግ የተሠራ ሲሆን፥ የናፖሊው ለፀሐይ አገር ተስማማ። በ1945 ዓ.ም. በሮማ የተመሠረተው ብሪዮኒ በ1952 ዓ.ም. በፍሎረንስ በፒቲ ቤተ መንግሥት የወንድ ልብስ በሰልፍ አሳየ፤ እንዲህ ያለ ትርኢት እስከዚያ ጊዜ የሴቶች ብቻ ነበር።

ልክ እንዴት ይወሰዳል

እኒያ አዛውንት በመጀመሪያ የነገሩኝ ነገር «ሰው ሁለት እኩል ትከሻ የለውም» የሚል ነው። በብዙ ሰው አንደኛው ትከሻ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ አንደኛው ክንድም ይረዝማል። ስለዚህ ጥሩ ልብስ ሰፊ ሁለቱንም ክንድ ለየብቻ ይለካል፤ ደንበኛው ሲቆም ደረቱን ይነፋ ወይም ጐበጥ ይል እንደ ሆነ ያስተውላል። ደንበኛውም በሚለካበት ጊዜ ሆዱን ሳይስብ፥ በየቀኑ እንደሚቆመው ሆኖ ሊቆም ይገባዋል። ሜትሩን ያታለለ ሰው ኋላ በኮቱ ይታለላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሙከራ ነው፤ ጣልያኖች «ፕሮቫ» ይሉታል። ልብስ ሰፊው የተቈረጠውን ጨርቅ በረዣዥም ነጭ ክር ለጊዜው አያይዞ በደንበኛው አካል ላይ ያያል፤ ጠመኔውን ይዞ ያርማል፤ ፈትቶም እንደ ገና ይቈርጣል። ሙከራ የሌለው ስፌት ረቂቁ ሳይታይ እንደ ተፈረመ ደብዳቤ ነው። በሳቪል ሮው ደንብ አንድ ሙሉ ልብስ ከ50 ሰዓት ያላነሰ የእጅ ሥራ ይፈልጋል። ልብሴን በአራት ቀን ያስቸኰልሁት እኔ ምን እንደ ጠየቅሁ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

አንባቢ ኮቱን ለብሶ በመስተዋት ፊት ሊመረምራቸው የሚገቡ አምስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፥ የትከሻው ስፌት የሚያበቃው የትከሻው አጥንት በሚያበቃበት ላይ ይሁን። ካለፈ ኮቱ የተዋሱት ይመስላል፤ ከቀደመም ክንዱን ያጨማድዳል።

ሁለተኛ፥ ኮሌታው በአንገት ዙሪያ ሳይርቅ ይቀመጥ፤ ከበላዩም የሸሚዙ ኮሌታ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይታይ።

ሦስተኛ፥ እጅጌው የሸሚዙን ጫፍ ከ1 እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያሳይ።

አራተኛ፥ ብብቱ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ የተቈረጠ ይሁን። ብዙ ሰው ብብቱ የሰፋ ኮት ይመቻል ብሎ ያስባል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ብብቱ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ክንድ ሲነሣ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሣል፤ በምጽዋ እኔን ያዋረደኝ ይህ ነበር። ብብቱ በልኩ ከፍ ብሎ ከተቈረጠ ክንድ ለብቻው ይንቀሳቀሳል፤ አካሉ በቦታው ይቀራል።

አምስተኛ፥ ከታችኛው የቁልፍ ቀዳዳ በታች ያለውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቈንጥጦ መሳብ ነው። በላዩና በገበሩ መካከል ለብቻው የሚንሸራተት ሦስተኛ ጨርቅ ከተሰማ ውስጡ የፈረስ ጠጕር የተቀላቀለበት ሸራ ተሰፍቶበታል። ሦስተኛው ጨርቅ ከላዩ ጋር ተጣብቆ ከተገኘ ግን በሙጫ የተለጠፈ ነው፤ ይህም ዋጋው ይቀንሳል፥ ሙቀትና እጥበት ሲደጋገምበት ግን አንዳንዱ ያኰርፋል።

ዝግጁ ልብስ የሚገዛ ሰውም ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ትከሻውን ይመልከት። ወገብ፥ የእጅጌ ርዝመትና የሱሪ ቁመት በጥቂት ገንዘብ ይስተካከላሉ፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን እንደ ገና መሥራት ነው። ከሰልባጅ ገበያ እንኳ ትከሻው የገጠመ፥ ውስጡም በሸራ የተሠራ ኮት አግኝቶ ወደ ልብስ ሰፊ የወሰደ ሰው፥ በውድ ዋጋ ያለ ልኩ ከገዛው ይልቅ ያማረ ይለብሳል።

ጨርቅና አየር

ጨርቅ የሚመረጠው በሚለበስበት አገር አየር ነው። እንደ አስመራና እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ፥ ማለዳና ማታ በሚበርድበት፥ በሜትር ከ300 እስከ 340 ግራም የሚመዝን ሱፍ ይስማማል። በቀን ሙቀት ለሚሠራ ሰው ከ240 እስከ 280 ግራም ያለው ይበቃል። በባሕር ዳርቻ ግን ከተልባ ተክል ክር የሚሠራው፥ ጣልያኖች «ሊኖ» የሚሉት ጨርቅ፥ ወይም ጥጥ፥ ወይም ክሩ ጠብቆ ተፈትሎ ሽመናው ሳሳ ያለ ሱፍ ይመረጣል፤ ኮቱም በጀርባው ገበር ሳይኖረው ቢሰፋ ነፋስ ያሳልፋል። ሊኖ ቶሎ ይጨማደዳል፤ በቈላ ግን የሊኖ መጨማደድ አያሳፍርም። ለአንድ ሙሉ ልብስ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ካለው ጨርቅ ከ3 እስከ 3 ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ወይም ሰደርያ የሚጨምር ሰው ተጨማሪ ያስቈርጣል።

ጨርቅ የሚነግዱም የሚገዙም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጨርቁ ጠርዝ ላይ «ሱፐር 100»፥ «ሱፐር 120» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር የክሩን ቅጥነት የሚናገር ነው። በዓለም አቀፉ የሱፍ ደንብ ሱፐር 100 ሲባል የጠጕሩ ውፍረት ከ18.75 ማይክሮን የማይበልጥ፥ ሱፐር 120 ሲባል ደግሞ ከ17.75 ማይክሮን የማይበልጥ ማለት ነው። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጨርቁ ይለሰልሳል፤ ዋጋውም ይንራል፤ ነገር ግን በቀላሉ ያልቃል፥ ይጨማደዳልም። ቀኑን ሙሉ ከወንበር ላይ ለሚቀመጥ ጸሐፊና በመጋዘን ለሚመላለስ ነጋዴ ከሱፐር 100 በላይ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሱፍ ነው ተብሎ የሚሸጠው በእርግጥ ሱፍ መሆኑን ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃል። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጕር ይሸታል፤ የቀረውም በጣት ሲነኩት ዐመድ ሆኖ ይፈርሳል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው ክር ግን ይቀልጣል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል። ጥጥ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታል። የእኔ የሚያብረቀርቅ ጥቁር «ሱፍ» በዚህ ፈተና ግማሹ ዶቃ ሆኖ ነበር የተገኘው። እኒያ አባት ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው ጥሩ ቢሉትም፥ ክሩን ካቃጠሉት በኋላ «እሳት ከእኔ ይልቅ ያውቃል» ብለው ሳቁ።

ስለ ሽቶ

አሁን ወደ መስኮቱ መከፈት እንመለስ። ሽቶ ለምን በልክ ሊሆን እንደሚገባ ለማስረዳት አስቀድሞ የአፍንጫን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አፍንጫ አንድን ሽታ ያለ ማቋረጥ ሲቀበል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምደውና ለአእምሮ መንገሩን ያቆማል። ስለዚህ ሽቶ የተቀባ ሰው መዓዛው የጠፋ ይመስለዋል፤ ይደግማል፤ ይሠልሳልም። ከውጭ ለሚገባው ሰው ግን መዓዛው አልጠፋም፤ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይቀበለዋል። ራሱን ብቻ የሚያሸት ሰው ልኩን ሊያውቅ አይችልም፤ ይህ በሽቶ ብቻ የሚታይ ነገር አይደለም።

በአውሮጳ ወንዶች ዘንድ የቀላል ሽቶ ታሪክ በአንድ ኢጣልያዊ ይጀምራል። በ1685 ዓ.ም. በኢጣልያ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የተወለደው ጆቫኒ ማሪያ ፋሪና ወደ ጀርመን አገር ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ወንድሙ በ1709 ዓ.ም. ባቋቋመው ንግድ ቤትም ከቤርጋሞት፥ ከሎሚ፥ ከብርቱካንና ከሌሎች ተክሎች ዘይት በአልኮል የተበጠበጠ ቀላል ውሃ አወጣ፤ በከተማይቱም ስም «የኮሎኝ ውሃ» አለው። ኋላ ነፖሊዮን አብዝቶ የሚወደው ሆነ። «4711» የተባለው ሌላው የታወቀ የኮሎኝ ውሃ ደግሞ ስሙን ያገኘው ከቤት ቍጥር ነው።

ዛሬ በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው ስም የዘይቱን መጠን የሚያመለክት ነው። «ኦ ደ ኮሎኝ» የሚለው በግምት ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ዘይት አለው፤ «ኦ ደ ቷሌት» ከ5 እስከ 15፤ «ኦ ደ ፓርፈም» ከ15 እስከ 20። የሎሚና የብርቱካን መዓዛ ፈጥኖ ይተናል፤ የአበባው ይከተላል፤ የዕንጨት፥ የሙጫና የምስክ መዓዛ ግን እስከ ማታ ይቈያል። ሙቀት ትነቱን ስለሚያፋጥነው በደጋ ሁለት ጠብታ የሆነው ሽቶ በቈላ ክፍሉን ይሞላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ለሥራ የሚሄድ ሰው የኮሎኝ ውሃ ይበቃዋል፤ ከባዱን ለማታና ለደጋ ያቈየው።

ሽቶ የሚቀባው በታጠበ ገላ ላይ ነው፤ ላብን ሊሸፍን የሚፈስ ሽቶ ላቡንም ሽቶውንም ያበላሻል። ከከረባትና ከቀላል ቀለም ጨርቅ ላይ አይረጭ፤ ነጥብ ይተዋልና። ካልተጣራ የቤርጋሞት ዘይት የተሠራ ሽቶም ፀሐይ በሚያገኘው ቆዳ ላይ ከተቀባ ቡናማ ምልክት ያወጣል፤ ስለዚህ ከሸሚዝ በታች በደረት ላይ መቀባት ይሻላል። ጠርሙሱም ከብርሃንና ከሙቀት ተጠብቆ ይቀመጥ።

አገራችን በዚህ ንግድ እንግዳ አለመሆኗንም ነጋዴ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የዕጣን ዛፍ በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ቈላ ይበቅላል፤ በቀይ ባሕር ዳርቻም ልብስን በዕጣንና በመዓዛ ዕንጨት ጢስ ማጠን የቈየ ልማድ ነው። ከከፋና ከኢሉባቦር የሚመጣው የጥርኝ ዝባድ በከብት ቀንድ ተሞልቶ ወደ ውጭ እየተላከ በአውሮጳ ሽቶ ቀማሚዎች ዘንድ መዓዛን የሚያቈይ ተብሎ ይፈለግ ነበር። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ሊቅ በ1926 ዓ.ም. ለዝባድ መዓዛውን የሚሰጠውን ነገር አሠራሩን አወቀ፤ እርሱም በ1939 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ የሚሠራው እየበዛ ሄደ፤ ሻኔልም ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈጥሮውን ዝባድ መተዉን አስታውቋል። ዝባድ ለብቻው ሲሸተት የሚያስቀይም ነው፤ በልክ ተበጥብጦ ሲቀላቀል ግን ያስመሰግናል። ቀማሚዎቹ የሚሸጡት ዕውቀት ይኸው ልኩን ማወቃቸው ነው።

የሒሳብ ነገር

በመጨረሻ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚለው ምሳሌ ለተበደረ ኮት የተነገረ ይመስላል። እኔ ያንን ኮት አንድ ቀን ለብሼው ዕዳውን ግን ሰባት ወር ከፈልሁ። ለሥራ ሰው በየወቅቱ ከሚገዛቸው አራት መናኛ ልብሶች ይልቅ በልኩ የተሰፉ ሁለት ይበቁታል፤ አንዱ ግራጫ፥ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ ቢሆን ከማንኛውም ጉባኤ ይገባባቸዋል። በሁለት እያፈራረቀ ሲለብስ ሱፉ ዐርፎ እጥፋቱ ይለቃል፤ ልብሱም ዕድሜ ያገኛል። ማታ ሲያወልቅ በብሩሽ አቧራውን ያራግፍ፤ ትከሻው በሰፋ መስቀያ ላይ ይስቀል፤ ኪሱንም በመዝገብና በቍልፍ አያሳብጥ። ሱሪ ከኮት ቀድሞ ያልቃልና፥ ሲያሰፋ ሁለት ሱሪ የሚጨምር ሰው የልብሱን ዕድሜ ያራዝማል።

የልብስ ሰፊውንም ዋጋ በቀኑ መክፈል ከመልካም አለባበስ የሚቈጠር ነው። በአዲስ ኮት ተውቦ በልብስ ሰፊው በር ዐይኑን ሰብሮ የሚያልፍ ሰው ስንት አለ! እኒያ አዛውንት ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አውጥተው አሳይተውኝ ነበር፤ ያልከፈሉ ደንበኞች ስም ነበረበት። «እነዚህ ሁሉ ሲያልፉ የምስፋውን አያለሁ፤ እነርሱ ግን እኔን አያዩኝም» አሉኝ። ስሞቹን እንዳላነብ ደብተሩን ፈጥነው ዘጉት። ያ ደብተር ከነገሩኝ ሁሉ ይልቅ በልቤ ቀርቷል።

የእኔን ጥቁር ኮት መጠገን እንደማይቻል ነግረውኝ፥ ከቀለለ ግራጫ ሱፍ ሌላ ሰፉልኝ። አራት ጊዜ ጠርተው ሞከሩብኝ፤ እኔም ዋጋውን ከደመወዜ እያጠራቀምሁ ልብሱ ሲያልቅ ሙሉውን ከፈልሁ። ከዓመት በኋላ እንደ ገና ለማስተርጐም ወደ ምጽዋ ወረድሁ። ያ ሽማግሌ ነጋዴም ነበረ። ጉባኤው ከማለዳ እስከ ቀትር ቈየ፤ ወረቀት አቀበልሁ፥ ጻፍሁ፥ ተናገርሁ፤ ስለ ኮቴ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁም። መስኮቱንም ማንም አልከፈተም።

ሲለያዩ ሽማግሌው የሹሙን እጅ ጨበጠ፤ ቀጥሎም የእኔን ጨብጦ ስለ ውሉ ቃል አመሰገነኝ። ስለ ልብሴ ምንም አላለም። በዚያ ቀን ምን ለብሼ እንደ ነበር ዛሬ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቃሉ ግን ልክ ነበር።